የዕርቁ ቅል

ሕጉ አጭር ነው፤ አንድ ቋንቋ ሁለት ሰዎች በሕዝብ ቆጣሪው ፊት ካላወሩበት ከአገር መዝገብ ይሰረዛል፣ የሕዝቡም ስም አብሮ ይፋቃል። ከዱርቦ ሕዝብ የቀሩት ዶይሴና ታናሽ እህቷ ጫሜ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከተኳረፉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ጫሜ የዶይሴ ባል ሲቀበር አልመጣችም ነበር። በዱርቦ ወግ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ከአንድ ቅል ውኃ ሳያጠጣቸው አይነጋገሩም። ሽማግሌዎቹ ሞተው አለቁ፤ ኩርፊያው ቀረ።

«እማማ፣ ዛሬ ካለፈ ሌላ ቀን የለም» አላት ዶይሴን ቆጣሪው የድምፅ መቅጃ መሣሪያውን እየከፈተ።

ዶይሴ ወጉን ረግማ ቅሉን ከግድግዳው አወረደች። ውኃ ሞልታበት፣ አጥሩን ዞራ፣ ቆጣሪው እየተከተላት፣ እህቷ ደጅ ቆመች። «እህቴ፣ ይብቃን። ጠጪ» አለቻት በዱርቦ ቋንቋ።

ጫሜ በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ቆጣሪው መሣሪያውን አስጠጋላት።

«ይቅር በይኝ እህቴ» አለች በአማርኛ፣ እንባዋ እየወረደ። «ከማን ጋር ላውራው? ቋንቋችን ከአፌ ጠፋ።»

ዶይሴ የተረፈውን ውኃ ጨለጠችው። ታረቁ። ቆጣሪው ግን «አንድ» ብሎ ጽፎ መዝገቡን ዘጋ።