ክዳኑ

በመታጠቢያ ቤቱ፣ በቀይ አምፖል ብርሃን፣ አናጢው የፎቶ ወረቀቱን ኬሚካሉ ውስጥ ነክሮ ሳህኑን ቀስ እያለ አወዛወዘ። ከሟች አባቱ በወረሰው ካሜራ የአባቱን ባዶ ወንበር ሲያነሳ፣ እንደ ጀማሪ ልማዱ የሌንሱን ክዳን ሳይከፍት ነበር ቁልፉን የተጫነው። ፊልሙ ላይ ግን የሆነ ጥላ አይቷል።

«ክዳኑን ሳትከፍት ምን ሊወጣልህ ነው?» አለች ሚስቱ ከበሩ ውጭ። «ከኋላህ ቆሜ ስስቅብህ እንኳ አልገባህም።»

«ቆይ እስቲ፣ እየመጣ ነው።»

የመጣው ወንበሩ አልነበረም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ካሜራው ላይ ያጎነበሰ ሰው ነበር፤ ራሱ። ክዳኑ ሌንሱ ላይ እንደተገጠመ ነው፤ ከኋላው ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ፎቶው የተነሳው ከወንበሩ ላይ ነው። እጅ ተንቀጥቅጦ ምስሉ ትንሽ ደብዝዟል፤ ልክ አባቱ በስተርጅናው እንዳነሳቸው ፎቶዎች።