የጠመኔው መስመር

«ሃያ ደቂቃ» ይላል ወንድሜ፣ ጠመኔውን ወደ ኪሱ እየመለሰ። ልገዛው የመጣሁትን ፎርክሊፍት ሞተር አጥፍቶታል። አንድ ቶን የሴራሚክ ካርቶን ሹካው ላይ ተሸክሞ ከሰው ቁመት በላይ ተገትሯል። ወንድሜ ከማሽኑ ቋሚ ምሰሶ ጀምሮ ሹካውን እስከያዘው ብረት ድረስ አንድ ነጭ መስመር አስምሯል። ሸክሙን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ሸክሙ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መስመሩም ለሁለት ይከፈላል። ያኔ እንዳትገዢው ብሎኛል። መካኒክ ነው፣ አምነዋለሁ።

«ይህን እጀታ ብቻ ማንም እንዳይነካ» ይላል፣ ከእጀታው እጁ ላይ የተጨማለቀበትን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ። «ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ያወርደዋል።»

እኔ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። ማሽኑን ሦስቴ እዞረዋለሁ፣ ጎማውን በጫማዬ እመታለሁ፣ ስፖንጁ የወጣውን የተቀደደ የሹፌር ወንበር እጫናለሁ። ሰዓቴን ሳይ ገና አራት ደቂቃ ነው። ሻጩ ቢሮ ገብተን ሻይ እንድንጠጣ ይለምናል። ምን ቆርጦኝ! እኛ ሻይ ስንጠጣ አንዱ ሹልክ ብሎ መስመሩን አጥፍቶ አዲስ ቢያሰምርስ? ይህንኑ ፊት ለፊት ስነግረው ይስቃል። ምላሱ ቅቤ ነው።

ባለቤቴ ከማሽኑ አጠገብ አልራቀም፤ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። የሴራሚክ ሱቃችንን ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከመው እሱ ነው፣ በአፍ ሳይሆን በትከሻው። ከስድስት ወር በፊት ወገቡን ተጎዳ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ካርቶን ካነሳህ እግርህን እርሳው ሲለው እሺ ብሎ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ግን ከባንክ ስመለስ ሁለት ካርቶን ደራርቦ ደረጃ ሲወጣ ደረስኩበት። ያን ቀን እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ዋልኩ። በማግስቱ ፎርክሊፍት ፍለጋ ወጣሁ።

እሱ ከጠዋት ጀምሮ እንከን ሲለቅም ነው የዋለው። ቀለሙ ለቋል፣ ድምፁ ይከብዳል፣ በሱቃችን በር አይገባም። በሩን ራሴ በሜትር ለክቼ እንደመጣሁ ብነግረውም አልሰማኝም።

ስልኬ ይጮኻል። ፎርክሊፍቱን እንዲነዳልን ያነጋገርኩት ሹፌር ነው። ወደ ግቢው በር ራቅ ብዬ አነሳዋለሁ፣ ግን ድምፄ ቀስ ማለት አያውቅም። «ሰኞ ተዘጋጅተህ ና፣ ያለቀ ጉዳይ ነው» እለዋለሁ። ወንድሜ ከማሽኑ ኋላ ሻጩን ስለ ባትሪው ያፋጥጠዋል።

ተመልሼ ስመጣ መስመሩ ተከፍሏል። ሁለት ጣት ያህል።

ወንድሜ መጥቶ አየውና ራሱን ይነቀንቃል፤ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል፣ ተነሱ እንሂድ ይላል። ሻጩ ፊቱ ዳመና ሆነ። ትናንት ሌሊት ሸክም እንደያዘ አሳድሬው ንቅንቅ አላለም ብሎ በልጆቹ ይምላል። አሁን ቅቤው ሁሉ ጠፍቷል፣ ሰውየው እውነቱን ይመስላል።

«አላልኩም?» ይላል ባለቤቴ። ቸኩሎ ነው ያለው። እጁንም ኪሱ ውስጥ ከቷል።

ይህ ሰው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እጁን ኪሱ ከቶ ሲቆም አይቼው አላውቅም። ጠጋ ብዬ አወጣሁት። መዳፉ በግራሶ ጥቁር ብሏል።

ስድቡ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንደ ልጅ! ለራሱ እግር ብዬ ስንከራተት! ቀና ብዬ ሳየው ግን ዓይኑን አልሰበረም።

«ሹፌሩ ሰኞ ይመጣል» አለኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው። «እኔስ ሰኞ የት ልሂድ?»

ስድቡን ዋጥኩት። ስለ ሞተሩ ጠይቄያለሁ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ መለዋወጫው፣ ስለ በራችን ስፋት ሳይቀር። እሱን ምንም አልጠየቅኩትም። ሐኪሙ አትሸከም እንጂ ተቀምጠህ አትሥራ አላለውም ነበር።

እጁን እንደያዝኩ ጨመቅሁት። ከዚያ የራሴን መዳፍ ለወንድሜ አሳየሁት። እኔም ጠቁሬያለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እግሬ አላርፍ ብሎ ስዞር እጀታውን ነካሁት። እንደገና አንሳው።»

ወንድሜ ወይ አንቺ በሚል ዓይን ገረመመኝ። ሻጩ ግን ትንፋሹ መለስ አለ፣ ሞተሩን እሱ ራሱ ሮጦ አስነሳው። ሸክሙ ከፍ አለ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ወንድሜ አዲስ መስመር አሰመረ። ሃያ ደቂቃ።

አሁን አልዞርም። የባለቤቴን እጅ በቀኝ እጄ ይዤ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ሻጩ ሲያየን በልቡ ምን ይል ይሆን፣ በዚህ ዕድሜያቸው። ይበል። መዳፎቻችን በግራሶው ተጣብቀዋል፣ ያሟልጫሉም። መስመሩ እንደተሰመረ ነው፤ አምስት ደቂቃ፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ።

ስልኬ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል። ሹፌሩ ነው፣ ሳላየውም አውቀዋለሁ። ባለቤቴም ያውቃል። እንዳነሳው ብሎ እጁን ሊያላቅቅ ይሞክራል። አጥብቄ ያዝኩት።

«አታነሺውም?»

«ይጩህ።»

ጮኾ ጮኾ ዝም ይላል። የባለቤቴ ዓይን ከኪሴ ተነስቶ መስመሩን አልፎ ወደ ተቀደደው የሹፌር ወንበር ይሄዳል። እዚያው ይቆያል።