ለበዛብህ የተቀመጠ ሽምግልና

ፍቃዱ ሱቁን ከፍቶ፣ ሳይቀመጥ መልሶ ዘጋው። ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ የባጃጅ መለዋወጫ ለሚሸጥ ሰው ጠዋት ዋና ገበያው ነው፤ እሱን ግን ሰሞኑን ገበያውም ወሬውም አስጠልቶታል። ታላቅ ወንድሙ በዛብህ «የፕሮስቴት ካንሰር ነው አሉኝ» ካለው ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሌሊቱን ሲነሳና ወደ ጓሮ ሲመላለስ ያድራል። ሚስቱ ብርቄ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ጭንቀት ነዋ!» ይላታል። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ለምርመራ አዲስ አበባ የሄዱት አብረው ነበር። በዛብህ «ብቻዬን እፈራለሁ፤ በሽታው በዘር ይሄዳል ይባላል፣ አንተም ታይ» ብሎ ጎተተው። ሁለቱም ደም ሰጡ፤ ሁለቱም ኤምአርአይ ተነሱ። «ለጥንቃቄ ነው» ተብሎ በመርፌ ናሙና ሲወሰድበት ፍቃዱ ጮኸ፣ ተሳደበም። በዛብህ ግን ከሆስፒታሉ የወጣው እየሳቀበት ነው። ውጤቱንም ተመልሶ ሄዶ ያመጣው በዛብህ ነው፤ ፍቃዱን ሱቁ አላላቀቀውም። «ያንተ ደህና ነው፤ የኔ ነው የተበላሸው» አለው። ተቃቅፈው አለቀሱ።

በዛብህ እንደነገረው ከሆነ፣ ሐኪሙ ዶክተር ሰብሃት ካንሰሩ ገና ከእጢው ስላልወጣ ያለ ቢላዋ ሊታከም ይችላል ብሏል። መሣሪያውን ይዘው የሚመጡ የውጭ ሐኪሞች ስላሉ ቀጠሮው ለሰኞ ተይዟል። ይህን ሁሉ አስረድቶ ሲያበቃ በዛብህ ክችም አለ። «አልገባም!»

ምክንያቱ ፍቃዱን አልጠፋውም። አባታቸው ገብረሚካኤል ለቀዶ ሕክምና ገብተው በዚያው ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሐኪም ሲባል ይሸሻል። ፍቃዱ ራሱ የተቦረቦረ ጥርሱን ላለማስነቀል ዓመት ሙሉ በአንድ ጎን ሲያኝክ የከረመ ጀግና ነው። «ሰውነቴ ሳይነካ ልሙት» የምትለዋም አባባል የሱ ነበረች። አሁን ግን የወንድሙ ነፍስ ነው። ስለዚህ ሕክምና ስልኩ ላይ ያላየው ቪዲዮ የለም።

ሚኒባስ ተሳፍሮ በዛብህ ወደሚኖርበት ወደ ዋጫ ሄደ። በዛብህን ያገኘው ማር የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች በግራና በቀኝ አንጠልጥሎ መኪና ላይ ሲጭን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ታመሃል እኮ! አስቀምጠው!»

በዛብህ አስቀመጠ። «ይልቅ ያንን ነገር እንደገና አስረዳኝ። ሳይቆርጡ እንዴት ነው የሚያክሙት?»

«በድምፅ ነው አልኩህ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ፤ ያው እርጉዝ የምትታይበት አልትራሳውንድ ማለት ነው፤ ይኼኛው ግን ይጠነክራል። ልጅ ሆነን በመነፅር ፀሐይ ሰብስበን ወረቀት አናቃጥልም ነበር? እንደዚያ ድምፁን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስቡታል። በምስል እያዩ ካንሰሩ ያለበትን ብቻ ያቃጥላሉ፤ ዙሪያውን ብዙም አይነካም።»

«ያማል?»

«ያደነዝዙሃል።»

«ከዚያ አለቀ?»

«አያልቅም፤ እየተመላለስክ ትታያለህ። ከመቀበር መመላለስ ይሻላል።»

በዛብህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድነቱስ?»

ፍቃዱ ዙሪያውን ገላመጠ። «ሊጎዳ ይችላል፤ አልዋሽህም። ግን ከቀዶ ሕክምናው ይሻላል ይላሉ።»

በዛብህ ትክ ብሎ አየው። «አንተ ብትሆን ትገባ ነበር?»

«አሁን ስለኔ ነው እንዴ የምናወራው?» ብሎ ፍቃዱ ተቆጥቶ ተመለሰ።

ቤት ሲገባ ብርቄ «ሽማግሌ ይቀመጥበት» አለችው። ጋሽ ልዑልቃል የአባታቸው የልብ ጓደኛ ናቸው፤ በዚያ ቤተሰብ እሳቸው ፊት የተነገረ ቃል አይታጠፍም። ፍቃዱ ሐሳቡ ለምን ለራሱ እንዳልመጣለት ገረመው። ሮጦ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው ሲያነሱት ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እመጣለሁ ልጄ» አሉት።

ቅዳሜ ፍቃዱ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ ልዑልቃል ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው መጡ፤ በዛብህም ከዋጫ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ብርቄ የፍቃዱን ሸሚዞች ተኩሳ ሻንጣ ውስጥ ከትታለች፤ አስታማሚ ሆኖ ይሄዳል ነው ነገሩ። ሽማግሌዎቹ መሀል ላይ ቦታ ሰጡት፤ እሱ ግን ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በመስኮት ያያል፣ ደግሞ ይነሳል።

«በል በዛብህ» አሉ ጋሽ ልዑልቃል፣ «ወንድምህን ለምን ታስጨንቀዋለህ?»

«እሱ ራሱ የማይገባበትን ነው እኔን ግባ የሚለኝ።»

«እኔ?» ፍቃዱ ብድግ አለ። «እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም!»

«በአፍ ቀላል ነው» አለ በዛብህ።

ጋሽ ልዑልቃል ቀና ብለው አዩት። «ትምላለህ ፍቃዱ?»

ፍቃዱ ቀኝ እጁን አነሳ። «እኔን ይዞኝ ቢሆን ሰኞ ማክሰኞ ሳልል እገባ ነበር፤ ሚካኤልን! በአባቴ አጥንት! ልጆች አሉን፣ ሚስት አለችን፤ ፈርቶ መሞት ነውር ነው!»

ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። በዛብህ የከበደ ሸክም እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንባውም መጣ።

ጋሽ ልዑልቃል ተነስተው የፍቃዱን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሰኞ የሚታከመው በዛብህ አይደለም ልጄ፤ አንተ ነህ።»