የዳምጠው አምፖል

መኪኖች በጨለማ ማየት ከጀመሩ ወዲህ የፊት መብራት በሕግ ተከልክሏል። የዳምጠው እናትም ሲመሽ አስፋልቱን ተሻግራ ከእህቷ ጋር ራት መብላቷን ትታለች፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ብርሃን የሚመጣን መኪና በምን ትየው?

ዳምጠው ከጋራዥ ውዳቂ መሀል አንድ አሮጌ አምፖል ፈልቅቆ አወጣ። ጣቱ መስታወቱን እንዳይነካው በጨርቅ ይዞ ታክሲው ላይ ገጠመውና አመሻሽ ላይ ደጃቸው ቆሞ አበራው።

ትራፊኩ እየሮጠ መጣ። «አጥፋ! መኪናህ እኮ ያለ መብራት ታያለች!»

«እሷማ ታያለች። እናቴስ?»

«እቀጣሃለሁ!»

«ቅጣኛ!»

እናቱ ይህን ጊዜ ወጧን በሰሃን ይዛ አስፋልቱ መሀል ደርሳለች። ብርሃኑ ውስጥ ቆም አለችና ወደ ትራፊኩ ዞረች።

«ማንም እንዳይነካው! ገና እመለስበታለሁ።»