የአናጢዎቹ ምራቅ

ሰዓት ጠጋኙ ወደ አናጢዎቹ ግቢ የገባው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። በሆስፒታል ጽዳት ሠርታ ያሳደገችው እናቱ ልትሞት ስትል፣ «የእነዚያ አናጢዎች ደም ነህ» ብላዋለች። ከዚያ በላይ ለመናገር ትንፋሽ አልነበራትም።

«ንብረት አልፈልግም» አለ። «አንድ ቀን አባዬ ብዬ ልጥራ፣ ይበቃኛል። ሌላ ሰው የለኝም።»

አራቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ሚስቶቻቸው ደግሞ እነሱን አዩ።

ታላቅ እህታቸው እታለም ለእንግዳው ሻይ ቀዳችለት። አግብታ አታውቅም፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አራቱንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻቸው እሷ ናት። በኮረዳነቷ ሳንባዋን ታማ ከተማ ሆስፒታል ከከረመችበት ጊዜ በቀር ከግቢው ርቃ አልሄደችም። ስኳሩን ሁለቴ ጨመረችበት። ሰዓት ጠጋኙ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» ብሎ ሳያማርር ጠጣው።

«እታለም ትሙት፣ እኔ አይደለሁም» አለ ታናሹ። ሌሎቹ ሁለቱም ተከትለው በእሷው ማሉ። ከወንዶቹ ታላቅ የሆነው ዲዳው ግን አልማለም። ዲዳው የሚሉት አፉን የሚከፍተው ሲያዛጋ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሦስቱ ከሰዓት ጠጋኙ ጋር ላብራቶሪ ሄደው ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቃቸውን ሰጡ። ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱም የሰዓት ጠጋኙ አጎት ሆነው ተገኙ።

«ሦስቱ አጎት ከሆኑ አባትየው የቀረው ነዋ» አለች የዲዳው ሚስት። ፍራሿን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። የእናቷ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ የዲዳው የአጎት ልጅ ናትና። በዚያ ቤተሰብ መሬቱም መጋዙም ባዕድ እጅ እንዳይገባ ሲባል ከጥንት ጀምሮ የሚጋቡት እርስ በርስ ነው።

ዲዳው ሳንቃውን መላጉን ቀጠለ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ ታናሹ። «ምራቅም አይወጣም መሰለኝ።»

ሰፈሩ በሙሉ ፊቱን ሲያዞርበት ዲዳውም ሄዶ ተፋ። እሱም አጎት ሆኖ ወጣ።

የላብራቶሪው ባለሙያ ሰዓት ጠጋኙን አስቀምጦ አስረዳው። «ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ኖሮ ደማቸው እንደተተበተበ ክር ሆኗል። የሩቁም ሰው አጎት መስሎ ይወጣል። አባትህ ከሞቱት አንዱ ቢሆን ነው። ከዚህ በኋላ ብንፈልግም የምናገኝ አይመስለኝም።»

ሰዓት ጠጋኙ ባርኔጣውን ሲያገላብጥ ቆየ። ልቡ ተሰብሯል።

«እንግዲያው የእኔን ምራቅና መዝገብ አጥፉልኝ» አለ።

«ከጠፋ አይመለስም እኮ፤ ከማንም ጋር ልናስተያየው አንችልም።»

«ይጥፋ። እኔን ብሎ የሚመጣ የለም።»

እዚያው እያየ አጠፉለት። ሱቁንም ሸጠ። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ለማንም ሳይናገር ሄደ።

ግቢው ሰላም ወረደለት። የዲዳው ሚስት ፍራሿን ይዛ በአጥሩ በኩል ተመለሰች፤ ታናሹም ትልቅ ወንድሙን ይቅርታ ጠየቀ። ዲዳው ግን እታለም ያቀረበችለትን ምግብ ሳይነካ መተው ጀመረ። እሷም አልጎተጎተችውም፤ ሳህኑን አንስታ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት እታለም ሻርፗን ተከናንባ ብቻዋን ላብራቶሪው ደረሰች። ባለሙያው ወንበር ሳበላት።

«ምን ልታዘዝ፣ እማማ?»

እታለም ተቀመጠች።

«የእኔንም ምራቅ ውሰዱና ከልጄ ጋር አስተያዩልኝ» አለች።