ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም

የእጅ ባትሪዬን ከስክሪኑ ጎን አስጠግቼ አበራለሁ። ጨለማው ውስጥ ዜና አንባቢዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ እንደ ጥላ ደብዝዛ፣ ግን አለች። ድምፅዋማ ጥርት ብሎ ይሰማል።

"አየሃት?" እላለሁ። "ምስሉ አልሞተም። የሞተው ከኋላ የሚያበራለት ነው።"

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ያያል። ታናሼ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የዚህን ሱቅ ደፍ ያልረገጠ ሰው፣ ዛሬ በሥራ ሰዓት፣ ሱፉን እንደለበሰ፣ ይህን የሚያህል ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ራሱ ተሸክሞ መጣ። በደህና የመጣ አይመስለኝም።

"እኔማ ስክሪኑ በራሱ የሚበራ ነበር የሚመስለኝ" ይላል።

"የተማረ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው።"

ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ዘግቼ የብየዳ ካውያ የጨበጥኩት እሱ እንዲማር ነው። ተማረ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሠርጉ ቀን፣ አንዱ አለቃው እኔን አይቶ "እኚህስ ማን ናቸው?" ብሎ ቢጠይቀው፣ "ቴሌቪዥን የሚጠግንልን ሰውዬ ነው" አለ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሰሃኔን አስቀምጬ ወጣሁ፤ አልተከተለኝም።

ቴሌቪዥኑን ነቅዬ ፎጣ ላይ በፊቱ እደፋዋለሁ። ድሮ ቴሌቪዥን ሆድ ነበረው፤ ለሁለት ነበር የሚነሳው። ከዚያ ጠፍጣፋው መጣ። የመጀመሪያዎቹ ከስክሪኑ ኋላ እንደ እርሳስ የቀጠኑ የመብራት ቱቦዎች ነበሯቸው፤ እየደበዘዙ፣ እየቀሉ ነው የሚሞቱት፣ ቀድመው ይነግሩሃል። አሁን ኤልኢዲ ነው፤ ምስር የሚያካክሉ አምፖሎች በሰልፍ። ቴሌቪዥኑ እንደ ትሪ ሳሳ፣ ምስሉ ደመቀ፣ መብራት መብላቱ ቀነሰ ይሉኛል። ይበሉ። እኔ አላምነውም። በአንድ መስመር ስለተያያዙ አንዷ ስትሞት ጎረቤቶቿ ሁሉ አብረዋት ይጠፋሉ፤ የቷ እንደሞተች ለማወቅ ደግሞ መስታወቱን እንደ አራስ ልጅ አቅፈህ ማንሳት ነው። ከተሰነጠቀ አለቀለት፤ ሰባሪው አንተ ነህ።

እንዲህ ሳስብ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ሌላ ቦታ ወስዶት ይሆናል። ውስጡን ፈትፍተውበት፣ በእኔ ሊያላክክ።

"ከእኔ በፊት ማን ነካው?"

"ማንም።"

"ማዕዘኑ ላይ ያለው፣ ባለ ትልቅ ማስታወቂያው ቀጣፊ አላየውም?"

"ኧረ ጋሼ፣ ቀጥታ ከሳሎን ነው ያመጣሁት።"

ጋሼ ይለኛል። "ዛሬ እንግዳ የለም መሰለኝ" እላለሁ። አንገቱን ይደፋል።

ብሎኖቹን አያለሁ። አናታቸው ተጫጭሯል። ካቻቢቴ እንዲህ አያደርግም፤ ይህ የወጥ ቤት ቢላ ጫፍ ነው። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ገብቶ ክዳኑን አሳብጦታል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቀጣፊ እንኳ ይህን አይሳሳትም።

ክዳኑን አነሳለሁ። ቴስተሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገኝም። ወደ ኤልኢዲዎቹ የሚሄደው ቀይና ጥቁር ሽቦ ከነመሰኪያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አልተቃጠለም፣ አልተበጠሰም። ይህ መሰኪያ ጎኑ ላይ ትንሽ ጥርስ አለው፤ በጥፍር ካልተጫኑት አይላቀቅም። ቴሌቪዥኑ ቢወድቅ አይወጣም። በራሱ አይወጣም።

ቀና እላለሁ። ወንድሜ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን፣ ከቴሌቪዥን ውስጥ የወጡ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ያያል። አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

ሊፈትነኝ ነው፣ ይለኛል ልቤ። ተቃጥሏል እንድለው፣ ነገ ለሚስቱና ለአለቆቹ "ምንም ያልሆነውን ተበላሽቷል አለኝ" ብሎ ሊስቅብኝ። ግን ሊፈትን የመጣ ሰው ፊቴን ያይ ነበር። ይህ ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ሰበብ ፈጥሮ እንደመጣ ሰው።

"ምን ሆኗል?" ይላል ሳይዞር።

መሰኪያውን በሁለት ጣቴ ይዤዋለሁ። አንዴ ብገፋው ቀጭ ብሎ ይገባል። ቴሌቪዥኑ ይበራል፤ እሱም አመስግኖ፣ በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ይሄዳል።

"ከባድ ነው" እላለሁ። "አምፖሎቹን አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። ሦስት ቀን ይፈጃል።"

"ሦስት ቀን?"

"ከቸኮልክ ማዕዘኑ ላይ..."

"አልቸኮልኩም።"

ኮቱን ያወልቃል። የሚሰቅልበት ሲያጣ፣ ከተደረደሩት ባለ ሆድ ቴሌቪዥኖች በአንዱ ላይ ያደርገዋል። ከዚያ በርጩማው ላይ የተከመረውን ሽቦ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ መሬት ያወርድና ይቀመጣል።

እኔም ቴስተሬን አንስቼ፣ ምንም ያልሆነውን ሰሌዳ ቀስ እያልኩ መለካት እጀምራለሁ።