የጥቁሩ ሱፍ ቁልፍ

«በዚህ ውፍረትህ ኩላሊትህን ልንወስድ አንችልም» አለው ሐኪሙ። «አሥራ ስድስት ኪሎ ቀንስ። ግን ቀስ ብለህ፤ ራስህን በረሃብ ጎድተህ ብትመጣ አልቀበልህም።»

ቀስ አለ። ስኳሩንም ቢራውንም ተወ፤ ከሥራ ሲወጣ ታክሲ መያዝ ትቶ እስከ ቤቱ በእግሩ ይሄድ ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ታናሽ እህቱ ትርንጎ የኩላሊት እጥበት ወደምታደርግበት ሆስፒታል ይሄድና ዓይኗ እያየ ሚዛን ላይ ይወጣል።

«ግማሽ ኪሎ ብቻ!» ይላል ተናዶ።

«ጋሼ፣ ተመስገን በል እንጂ!» ትቆጣዋለች። ድምጿ ከሳምንት ሳምንት እየደከመ ነው፤ ቁጣዋ ግን ያው ነው። «ጥቂቱን ያላመሰገነ ብዙውን አያይም።»

«እሺ፣ ተመስገን።»

«እንዲህ ነው! ለሰርጌ የገዛኸው ጥቁር ሱፍ የተቆለፈልህ ቀን ኩላሊትህ የእኔ ነው።»

እየቆየ ንዴቱ ለቀቀው። የሰፈር ሰው «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» እያለ ከንፈሩን ሲመጥለት እንኳ «ተመስገን ነው!» እያለ ይስቅ ነበር።

በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱፉን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ለበሰ። ሆዱን ሳይስብ ቁልፉ ገባለት።

«ተመስገን!» አለ ጮክ ብሎ፣ አፉ እንደለመደው።

ሳሎን ውስጥ «ትርንጎዬ፣ ትርንጎዬ» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ የነበሩት ሴቶች በአንዴ ጸጥ አሉ።